ደላላው መታወቂያ አይጠይቅም

«የእኛ ኮሌጅ ለእኛ ልጅ» ሲባል ራሱን የማይነቀንቅ ሰው ወልድያ ውስጥ አላገኘሁም። ቡና ላይ ይባላል። ለቅሶ ቤት ይባላል። ስብሰባ ላይ ተብሎ ይጨበጨብለታል። መርሳ ብትወርዱም ያው ነው፤ ሐብሩ ወረዳ በሙሉ በአንድ አፍ የሚናገር ይመስላል። እኔ አላጨበጭብም። በመንግሥት ኮሌጅ በር ላይ «የየት ቀበሌ ነህ?» ብሎ ልጅ የሚመልስ አሠራር የአገሩን ልጅ አይጠብቅም። የሚጠብቀው ወረቀት ያለውን ነው። ወረቀት ያለው ማን እንደሆነ ደግሞ እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኔም አውቃለሁ፣ ማህተም የሚመታውም ያውቃል።

ታዲያ ለምን ዝም እንላለን? «ለአገሩ ልጅ አያስብም» እንዳንባል። ይኸው፣ እኔ ልባል።

ዩኒቨርሲቲ የፌዴራል ነው። በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የተማሪ ቀበሌ አይቆጥርም። የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ የወልድያ ልጅ ጅማ ይሄዳል፣ የጅማ ልጅ ወልድያ ይመጣል። ኮሌጆቹ ግን የክልል ናቸው፦ የቴክኒክና ሙያው፣ የመምህራን ትምህርቱ፣ የጤና ሳይንሱ። የክልል ኮሌጅ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቆሞ ያነበበ ሁሉ ያቺን መስመር ያውቃታል፤ የክልሉ ነዋሪ የሆነ፣ የታደሰ የቀበሌ መታወቂያ ማቅረብ የሚችል። አንዳንዱ ኮታውን እስከ ወረዳ ድረስ ያወርደዋል። ከኮታው የወደቀ በማታው ወይም በቅዳሜና እሁዱ ከፍሎ ይማር ይባላል። መክፈል ካልቻለስ? የግል ኮሌጅ ይሂድ። የግሉ በነጻ ነው እንዴ?

ይህ መስፈርት ድሮ ያን ያህል ሰው አይጎዳም ነበር። ኮሌጅ ሁለተኛ ምርጫ ነበራ። ከዚያ የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ጀመረ፤ ጉዳችንም ወጣ። በ2014 የትምህርት ዘመን ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽ ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ናቸው፤ 3.3 በመቶ። በዓመቱ 3.2 በመቶ። ቀጥሎ 5.4። በ2017 ወደ 8.4 ከፍ ሲል «ተሻሻለ» ተባለ። ይሁን፣ ተሻሽሏል። ከመቶው ዘጠና ምናምኑ ግን የት ገባ?

የእኛ ልጆች ደግሞ ምን ላይ ሆነው እንደተፈተኑ አትርሱ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልድያ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበረች፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘረፈ። ነሐሴ 2014 ላይ ቆቦ እንደገና ጦርነት ገባባት፤ ሁለት ወር ሳይሞላ ፈተናው ተሰጠ። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልሉ ስለቀጠለው ግጭትና ስለተዘጉት ትምህርት ቤቶች እኔ ለእናንተ አልነግራችሁም። ዩኒቨርሲቲ ላልደረሰው ለዚህ ሁሉ ልጅ የቀረው በር የክልሉ ኮሌጅ ነው። እኛ ምን አደረግን? በሩ ላይ ቀበሌን አቆምንበት።

ባለፈው የምዝገባ ሰሞን አንዲት ልጅ ይዤ አንድ የመንግሥት ኮሌጅ ሄጄ ነበር። የኮሌጁን ስም አልጠራም፤ ሌላው ጋ ብንሄድም ያው ነበር የሚገጥመን። ልጅቱ ያደገችው ጃራ መጠለያ ነው ማለት ይቻላል። ጃራ ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ ሐብሩ ውስጥ፣ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የተፈናቀሉ ሰዎች በሸራና በድንኳን የሚኖሩበት ነው። አባቷ ልጆቹን ይዞ ከወለጋ ሲወጣ ያተረፈው የለበሰውን ብቻ ነው። ወረፋ ጠብቃ መስኮቱ ጋ ደረሰች።

«መታወቂያ?»

«የመጠለያው ካርድ ነው ያለኝ ጋሼ።»

ካርዱን አገላበጠው። «ይሄማ ለስንዴ ነው እህቴ።»

«ለትምህርት የሚሆነውስ የት ይሰጣል?»

«ከቀበሌሽ አጽፈሽ ነይ።»

«ቀበሌዬ የት ነው ጋሼ?»

ሰውየው ክፉ አልነበረም። እንዲያውም አፈረ፤ ካርዱን በሁለት እጁ መለሰላት። ከዚያ «ቀጣይ» አለ። ቀጣዩን ልጅ አውቀዋለሁ። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ ወልድያን በጥምቀት በጥምቀት የሚያያት ነው። ትናንት የተጻፈ የነዋሪነት ማረጋገጫ አወጣ። ተመዘገበ። ግቢው በር ላይ ሲያገኘኝ «አክስቴ ቀበሌ ውስጥ ሰው አላት» አለኝ፤ ሳልጠይቀው፣ እየሳቀ።

ስንዴ ለመቀበል ሰው ናት፣ ወንበር ለመቀበል ሰው አይደለችም? የሐብሩን አቧራ እየጠጣች ያደገች ልጅ ነዋሪ ካልተባለች፣ የአንድ ቀን ወረቀት የያዘው በምን ሒሳብ ነው ነዋሪ የሚባለው?

«እሷ ተፈናቃይ ናት፣ ልዩ ጉዳይ ነው» የምትል ካለህ ደግሞ ሐብሩ ገጠር ውረድ። ከጊራና ወዲያ ካለ ቆላ ማሽላ ሲጠብቅ ያደገ ልጅ፣ እስከ ቅድመ አያቱ ድረስ እዚያው የተቀበሩለት ልጅ፣ ነዋሪነቱን ለማጻፍ ቀበሌ ይሄዳል። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ነው። ማህተሙ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። ነገ ና። ነገ ሲመጣ አባትህ ያልከፈለው መዋጮ አለ ይባላል። መዋጮውን ይክፈል፣ ፎቶ ይነሳ፣ መታወቂያው ጊዜው አልፏልና ያሳድስ። በዚህ መሐል ምዝገባው ተዘጋ። ይህ ልጅ «የእኛ ልጅ» አይደለም? መፈክሩ ለማን ነው ታዲያ የተሰቀለው?

እንግዲህ የተቃዋሚዎቼን ክርክር እንስማ። የመጀመሪያው፣ «በጀቱ የክልሉ ነው፣ ለክልሉ ልጅ ይሁን» ይላል። የክልሉ በጀት ከየት ይመጣል? ጥቂት የማይባለው ከፌዴራል መንግሥት ድጎማ ነው። ያ ድጎማ የመርካቶ ነጋዴም፣ የጅማ ቡና ገበሬም ግብር አለበት። የተፈናቀለው አባት ወለጋ ሳለ ግብር ይከፍል ነበር እኮ። ደረሰኙ ነው የተቃጠለው።

ሁለተኛው ክርክር ከቨርጂኒያ በስልክ የሚመጣ ነው። «አሜሪካም እኮ የስቴቱ ነዋሪ ያልሆነ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይከፍላል» ይላል ዘመዳችን። እውነቱን ነው። ግማሹን ነው የነገረን እንጂ። እዚያ ከሌላ ስቴት የመጣ ተማሪ ውድ ይከፍላል እንጂ በሩ አይዘጋበትም። ደግሞ ነዋሪ ለመባል የሚጠየቀው በአብዛኛው የ12 ወር ኑሮ ነው፤ የቤት ኪራይ ውል፣ የመንጃ ፈቃድ፣ የግብር ወረቀት አቅርቦ ያስመሰክራል። የአክስት ወዳጅ አያስፈልገውም። ራሱ ዘመዳችን በዲቪ ሄዶ ዓመት ሲሞላው የቨርጂኒያ ሰው ሆኗል። ጃራ ላይ ዓመታት የተቀመጠች ልጅ የሐብሩ ሰው መሆን ያልቻለችው ምን ጎድሏት ነው?

ሦስተኛው ጠንከር ያለ ነው፣ አልክድም። «የሌላ አገር ልጅ ተምሮ ይሄዳል፤ የገጠር ትምህርት ቤታችን መምህር፣ ጤና ኬላችን ባለሙያ ያጣል» ይላሉ። ጥሩ ጭንቀት ነው። መፍትሔው ግን ቀበሌ ነው? የወልድያ ልጅ ሲመረቅ ገጠር ገብቶ ሲያስተምር ያየ ይንገረኝ። ዲፕሎማውን ይዞ አዲስ አበባ የሚሳፈረው ቀድሞ የራሳችን ልጅ አይደለም? መታወቂያ እግር አያስርም። የሚያስፈልጋችሁ አገልግሎት ከሆነ አገልግሎቱን አስፈርሙ። በነጻ ተማር፣ ይህን ያህል ዓመት እዚህ ወረዳ አገልግል በሉ። ከየትም ይምጣ፣ ይፈርም። ጃራ ያለችው ልጅ ደስ ብሏት ትፈርማለች፤ የምትመለስበት ሌላ አገር የላትም። ያ ባለ አክስት ይፈርማል ብላችሁ ነው?

«ነጻ» ካልኩ አይቀር ሌላም ልበል። ለራሳችን ልጅ አገኘንለት የምንለው ነጻ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ ነጻ አይደለም። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ኮስት ሼሪንግ አለ። ተማሪው በየዓመቱ ይፈርማል፤ ከማስተማሪያው ወጪ 15 በመቶው፣ ከምግቡና ከመኝታው ደግሞ ሙሉው የእሱ ዕዳ ነው። የቀን ምግብ ተመን ከ22 ብር ወደ 100 ብር ሲያድግ «ተመስገን፣ ልጆቹ ሊጠግቡ ነው» አልን። መጥገቡስ ይጥገቡ። ሒሳቡን ግን ማን ሠራው? በወር 3,000 ብር ነው። ዓመቱን 10 ወር ብንለው 30,000። አራት ዓመት ሲሞላ 120,000 ብር፤ ምግብ ብቻ። ጀማሪ የዲግሪ ምሩቅ በአዲሱ እርከን 11,500 ብር ቢያገኝና ከወር ገቢው 10 በመቶ ቢቆረጥበት፣ የበላውን ሽሮ ብቻ ከፍሎ ለመጨረስ ከ8 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ያውም ሥራ ካገኘ። እስከዚያ ኦሪጅናል ዲግሪው በእጁ አይገባም። በመምህርነት ካላገለገለ በቀር ይህ ዕዳ ከወልድያም ከጅማም ልጅ ጫንቃ አይወርድም። ይህን ሁሉ ሲፈርም ማንም አልጮኸለትም። የእኛ ጩኸት ሌላ ልጅ አጠገቡ እንዳይቀመጥ ነው። ልጃችንን ከዕዳ ማዳን ከበደን፣ የተፈናቃይ ልጅ መመለስ ግን ቀለለን።

አሁን ወደሚያመው ልምጣ። እኛ ወሎዎች እንግዳ የት መጣህ ሳይባል የሚስተናገድበት አገር ልጆች ነን ብለን ስንመጻደቅ ማን ይችለናል? ቡናው እስኪፈላ አገሩን አንጠይቅም፣ ሃይማኖቱን አንጠይቅም እንላለን። ሬጅስትራር ቤት ስንገባ ያ ሁሉ የት ይሄዳል?

ልጆቻችን ተመድበው ወለጋ ሲሄዱ፣ ጅማ ሲሄዱ፣ አርባ ምንጭ ሲሄዱ ምን ብለን ነበር የሸኘናቸው? «አገራችሁ ነው፣ አይዟችሁ።» ኅዳር 2012 ላይ ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የነበሩ የአማራ ክልል ተማሪዎች ሲታገቱ አልቅሰናል፤ «ኢትዮጵያዊ በአገሩ የትም ሊማር መብቱ ነው» ብለን ጮኸናል። ልክ ነበርን። ግን ከዚያ ከጥቂት ሳምንት በፊት፣ ጥቅምት 2012 መጨረሻ ላይ፣ እዚሁ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ተገድለዋል። ከሌላ ክልል ተመድበው የመጡ የሰው ልጆች። ስለ እነሱ ስንቶቻችን ጮኽን? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄኔ ነው። ያ ደም ከቀበሌ ወረቀት ጋር ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። «ይህ ግቢ የእኛ ነው፣ አንተ ምን ትሠራለህ?» ብሎ በድንጋይ የሚጠይቅ አለ። በቅጽ የሚጠይቅም አለ። ሁለቱን አንድ አላደርጋቸውም፤ የጥያቄው ቃል ግን አንድ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ላይ ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ አካባቢ የመኖር ነጻነት አለው ይላል። አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ ደግሞ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች ሁሉም ዜጋ በእኩልነት የመጠቀም መብት አለው ይላል። ተፈናቃዮችን የሚመለከተውን የአፍሪካ ኅብረት የካምፓላ ስምምነትም ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. አጽድቃዋለች፤ ለተፈናቃይ የመታወቂያ ሰነድ መስጠት የመንግሥት ግዴታ እንደሆነ እዚያ ውስጥ ተጽፏል። ግዴታው የመንግሥት ነው፣ የልጅቱ አይደለም። እኛ ጋ ግን መንግሥት ያልሰጣትን ወረቀት መንግሥት መልሶ ይጠይቃታል። አሁን ደግሞ ፋይዳ መጣ፣ ብሔራዊ መታወቂያ። ባንክ ተቀብሎታል። ባንክ የታመነበት ቁጥር ኮሌጅ በር ላይ ሲደርስ ለምን የቀበሌ ድጋፍ ደብዳቤ ይታከልበታል? ልንገራችሁ፤ ለፋይዳ አክስት አያስፈልግማ።

ከኮሌጁ በር የተመለሰው ልጅ የት ይሄዳል? ይህን የማያውቅ የሐብሩ ሰው የለም፤ የሚናገረው ግን ጥቂት ነው። ደላላ ጋ ይሄዳል። ከሐብሩም፣ ከቆቦም፣ ከጉባ ላፍቶም መንገዱ የታወቀ ነው፤ ጅቡቲ፣ ባሕሩ፣ የመን፣ ሳውዲ። በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስታባርር ከአውሮፕላን ሲወርዱ ያየናቸው ባዶ እግራቸውን የነበሩ ልጆች የማን ልጆች ነበሩ? ያን ጊዜ ደንግጠን «ሥራ እንፍጠር፣ ሙያ እናስተምር» ብለን ነበር። ዛሬ ሙያ ልማር ብሎ በእግሩ የመጣውን ልጅ ከመስኮት እንመልሰዋለን።

ደላላው አይመልሰውም። ደላላው የነዋሪነት ማረጋገጫ አይጠይቅም፣ መታወቂያህ ታድሷል ወይ አይልም፣ ኮታ ሞላ አይልም። የጃራውንም የጊራናውንም እኩል ይቀበላል። ኋላ የመን ውስጥ ተይዞ ስልክ ሲደወል፣ ለማታ ትምህርት የሚከፍለው ያጣ አባት በሬውን ሸጦ ማስለቀቂያ ይልካል። መንደሩም ያዋጣል። ያኔ ብር አለን። ያኔ ዘር ማንዘር አንቆጥርም። ልጁ በሕይወት እያለ፣ ደብተር ይዞ በር ላይ ቆሞ ሳለ ግን «የእኛ ኮሌጅ ለእኛ ልጅ»!

ይህን ስጽፍ ማን ምን እንደሚል ይታየኛል። «እኛም እኮ እንደዚያ ነው የምናስበው፣ ጊዜው አይደለም እንጂ።» ጊዜው መቼ ነው? ልጅቱ ስታረጅ?

ክልሉ ትምህርት ቢሮ ውስጥ፣ ቴክኒክና ሙያው ቢሮ ውስጥ ላላችሁ፦ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም። አንድ ገጽ ሰርኩላር ይበቃል። የመጠለያ ካርድና ፋይዳ ለምዝገባ ይብቃ በሉ፤ ከወረዳ ኮታ ይልቅ የአገልግሎት ውል አስፈርሙ፤ ክፍያውን በቀበሌ ሳይሆን በቤተሰብ አቅም ለዩት። የሀብታም ልጅ ይክፈል፣ የወልድያም ቢሆን። የድሃ ልጅ ይማር፣ የትም ቢወለድ።

እናንተ አንባቢዎች ደግሞ እስከዚያ እጃችሁን አጣጥፋችሁ አትቀመጡ። በዚህ ምዝገባ አንድ ልጅ ይዛችሁ ሂዱ። መስኮቱ ጋ «አይቻልም» ስትባሉ አትጨቃጨቁ፣ አትለምኑ። ለምን እንዳልተቻለ በጽሑፍ ስጡን በሉ፤ አንቀጹ ተጠቅሶ፣ ተፈርሞበት፣ ማህተም ተመትቶበት። በቃል የሚመልስ ሰው በጽሑፍ ለመመለስ እጁ ይከብደዋል፤ ብዙውን ጊዜ ልጁን መመዝገብ ይቀለዋል። ከጻፈላችሁም ኮፒውን ይዛችሁ እንባ ጠባቂ ተቋም ሂዱ።